አርባ አንድ ስም

ቫልዲቪያ ላይ ዝናብ ቀጠሮ አያውቅም፤
ጠዋት የጀመረው ማታ አይጠናቀቅም።
የባሕር አንበሶች ከዓሣው ገበያ ሥር
ሲያጓሩ ይሰማል እስከ እኔ ቢሮ በር።

ኖልቤርቶ እባላለሁ፤ ምድር ቤት ነው ሥራዬ፤
የሰው ድካም ማኖር፣ ያ ነው እንጀራዬ።
ያልታተመ ጽሑፍ፣ አቧራ የጠጣ፣
በእጄ ያልፋል ሁሉ ወደ ብርሃን ሲወጣ።

ያን ዕለት የመጡት ኤዴልሚራ ናቸው፤
ነገ ጡረታ ነው፤ ዛሬ የመጨረሻቸው።
የገበያ ዘንቢል በትከሻ አንግበው፣
በላስቲክ ጠቅልለው፣ በሲባጎ ሸብበው፣
አንድ ጥራዝ አወጡ፤ በታይፕ የተመታ፣
ጠርዙን የወረሰው ያርባ ዓመት ሻጋታ።

የቺሎዌ ደሴት የድንች ዘር ጥናት፤
ጥቁሩ፣ ሐምራዊው፣ ሹሉ እንደ ሌባ ጣት።
በጀልባ ተሻግረው፣ ጭቃውን ዳክረው፣
ከጓሮ እስከ ጓሮ አንድ ባንድ ቆጥረው፣
ልጅ ሳሉ የጻፉት። ፈተና ካለፈ፣
ማንም ሳይገልጠው በመሳቢያ ያረፈ።

ቅጹን ከፈትኩና ርእስ፣ ዓመት ጻፍን፤
ቁልፍ ቃል ሲመጣ ትንሽ ተከራከርን፤
«ዘር» አልኩኝ እኔ፤ «ረሀብ» አሉ እሳቸው፤
ሁለቱም ገቡልን፤ ቦታ ማን ነሳቸው?
«እገዳ ይፈልጋል? ለስንት ወር ይታሸግ?»
«አርባ ዓመት ታሽጓል፤ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»
«ፈቃዱስ?» አልኳቸው፤ «ማን ይውሰድ? በምን ዋጋ?»
«በነጻ። ማንም ሰው። ሲመሽም፣ ሲነጋ።
ሌላው ሥራዬማ በውድ መጽሔት ታጥሯል፤
ላንብበው ብል እንኳ ሠላሳ ዶላር ተጠርቷል።
ዘሩን የሰጡኝ ሰዎች ገንዘብ አልጠየቁኝ፤
ደረቅ ካልሲ ሰጥተው እሳት ዳር አሞቁኝ።»

ከዚያ መጣ ጣጣው፦
«ደራሲ» የሚለው አንድ ሣጥን ነው ያለው።
ስማቸውን ጽፌ «አስገባ»ን ልነካ፣
እጄን ያዝ አረጉኝ፤ ጎደሎ አለው ለካ።

ከዘንቢሉ ሥር ደብተር፣ ቀለሙን ዝናብ የላሰው፤
አርባ አንድ ስም ነበር፣ እያንዳንዱ የራሱ ሰው።
ዶሚቲላ ካይሉን፣ ከኬይሌን ዳርቻ፣
ሁለት ዘር የሰጠች፣ በአንድ እጇ ብቻ።
ኤዱቪና ሚያሎንኮ፣ ፊደል ያልቆጠረች፣
ሠላሳ ዓይነት ድንች በጭለማ ዳብሳ የዘረዘረች።
ናርሲሶ ናዌልኬን፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ሰካራሙ፣
ዘሩን በባርኔጣው ይዞ በማዕበል የመጣ ከነሕመሙ።
ደብተሩ አንዷን ሴት «ባለ ቀዩ ቤት» አላት፤
«ስሟን አልጠየቅኩም፤ ዕዳ ነው፤ ጻፍላት።»

«ሥርዓቱ አይፈቅድም» ልል ብዬ አፌን ከፈትኩ፤
ዘጋሁት። እጅጌዬን እስከ ክርኔ ሰበሰብኩ።
«አስተዋጽዖ ያደረገ» የሚል መስመር አገኘሁ፤
አጠገቡ ትንሽ የመደመር ምልክት አየሁ።
አንዴ ሲነካ አንድ ስም፤ አርባ አንዴ ነካሁት፤
ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ ምሳዬን ረሳሁት።

ከዚያ በገዛ ጣታቸው፣ አፈር በለመደው ጣት፣
«አስገባ»ን ተጫኑት።
ምንም አልተሰማም። ደወል የለ፣ እልልታ፤
«ደርሶናል» የሚል መስመር ታየና ጠፋ ባንዳፍታ።
ባዶ ዘንቢላቸውን ይዘው ወጡ በዝናብ፤
«አሁን ይሻግት» አሉኝ፣ ጥራዙን ትተው ያለ ሐሳብ።

በነጋታው ቆጣሪው ላይ አንድ ሰው አውርዶታል፤
ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት። ግምቴ ባሕር አሻግሮታል፤
ጃፓን ነው አልኩ፤ ፔሩ፤ መብራት ሥር ተማሪ ሳልኩኝ፤
ስልኩ ጮኸ። ኤዴልሚራ። «እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ አወረድኩኝ።
ሠላሳ አራተኛዋ ላይ አንድ ፊደል ጎድሎባታል፤
የልጅ ልጅ አላት፤ አያቱን ቢፈልግ ያጣታል።»

ከፈትኩት። አረምኩት። «ሁለተኛ ቅጂ» ተባለ።
ውጭ ዝናቡ እንዳለ አለ፤
ቆጣሪውም «አንድ» እንዳለ።